ስቶክ ገዛሁ፣ ታክሱስ? አሜሪካ ላለን ጀማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፌብሯሪ ላይ ሮቢንሁድ፣ ፊደሊቲ፣ ሽዋብ ምናምን "የታክስ ዶክመንትዎ ዝግጁ ነው" የሚል ኢሜይል መላክ ሲጀምሩ ግሩፑ ሁሉ በጥያቄ ይሞላል። እዚህ ያሉት በብዛት የሚጠየቁት ናቸው፣ አሜሪካ ለሚኖር ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ላለው ሰው። ቁጥሮቹ የ2025 ገቢን የሚመለከቱ ናቸው፣ ማለትም እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 ፋይል የሚደረገውን፣ በየአመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው ስቶኩን ነው፣ ለኔ ግን ስቶኩ ቀላሉ ነው ምክንያቱም ወረቀቱ ተሰርቶ ያለቀለት ሆኖ ነው የሚመጣላችሁ። ሰው የሚቸገረው ማንም ወረቀት የማይልክለት ነገር ላይ ነው፣ ሀገር ቤት ያለ አካውንት፣ ሀገር ቤት ያለ ቤት፣ የባንክ አክሲዮን። እሱ ላይ ስደርስ ረዘም አደርገዋለሁ።

ስቶክ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ በጣም ጨምሯል ግን አልሸጥኩም። ታክስ አለብኝ?

የለባችሁም። አፑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ነገር እስክትሸጡ ድረስ ቁጥር ብቻ ነው፣ በ2,000 ዶላር የገዛችሁት 9,000 ቢገባ እንኳን ያን አመት ፋይል ስታደርጉ ስለሱ የምትጽፉት ነገር የለም። አስር አመት ብትይዙትም ያው ነው። ሳትሸጡም የሚታከሰው ዲቪደንድ (ካምፓኒው ከትርፉ የሚያካፍላችሁ) እና ወለድ ነው። እዚጋ ሁሌ የሚነሳ ክርክር አለ፣ "ዲቪደንዱን እኮ እኔ አልወሰድኩትም፣ እራሱ መልሶ ስቶክ ገዛበት" የሚል። አዎ ገዝቶበታል፣ ግን ህጉ መጀመሪያ እጃችሁ ገብቶ ከዛ እናንተ እንደገዛችሁበት ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ የዛን አመት ገቢ ነው። ደግነቱ በዲቪደንዱ የተገዛው ስቶክ የመግዣ ዋጋችሁ ላይ ስለሚደመር ስትሸጡ ድጋሚ አትከፍሉበትም።

ሸጫለሁ ግን ገንዘቡን ወደ ባንኬ አላወጣሁትም፣ እዛው አፑ ላይ ነው ያለው።

ለውጥ የለውም። ታክሱ የሚመጣው ስትሸጡ ነው እንጂ ስታወጡ አይደለም። አፕል ሸጣችሁ በዛው ደቂቃ ኤንቪዲያ ብትገዙ አፕሉ ላይ ያተረፋችሁት ተቆጥሯል፣ ኤንቪዲያው በጃንዋሪ ግማሽ ቢወርድም የዲሴምበሩ ታክስ ኤፕሪል ላይ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የምትገዙና የምትሸጡ ከሆነ ካተረፋችሁት ላይ ለታክስ የሚሆነውን ለብቻው አስቀምጡት፣ መልሳችሁ አታስገቡት። ትርፉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ኤፕሪልን መጠበቅም አይቻልም፣ ፋይል ስታደርጉ 1,000 ዶላርና ከዛ በላይ የሚቀርባችሁ ከሆነ አይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ ሰብሳቢ) በየሩብ አመቱ እንድትከፍሉ ይፈልጋል፣ ካልከፈላችሁ ትንሽ ቅጣት አለው። ካለፈው አመት ጠቅላላ ታክሳችሁ ጋር እኩል የሚሆን ዘንድሮ ከደሞዝ ተቆርጦ ከገባ ግን በአብዛኛው ከቅጣቱ ትድናላችሁ፣ ገቢያችሁ ከ150,000 በላይ ለሆነ ደግሞ 110 ፐርሰንቱ።

ስሸጥ ስንት ፐርሰንት ነው የሚቆረጠው?

ሲጀመር ምንም አይቆረጥም፣ ብሮከሩ፣ ማለትም እንደ ሮቢንሁድ ያለው የምትገዙበት ድርጅት፣ ሙሉውን ነው የሚሰጣችሁ፣ ሂሳቡ ፋይል ስታደርጉ ነው። ስንት እንደሆነ የሚወስነው ለምን ያህል ጊዜ እንደያዛችሁት እና ሌላ ገቢያችሁ ስንት እንደሆነ ነው። አንድ አመትና ከዛ በታች ይዛችሁ ከሸጣችሁ ሾርት ተርም ይባላል፣ እንደ ደሞዝ ነው የሚታከሰው። ከአንድ አመት በላይ፣ አንድ ቀንም ብትሆን፣ ካለፈ ሎንግ ተርም ነው፣ ለብቻው 0፣ 15 ወይም 20 ፐርሰንት የሚባል ሬት አለው።

ምሳሌ ልስጥ። ላጤ ነው፣ ዲዳክሽኑ (ህጉ ከገቢ ላይ ቀንሱ የሚለው) ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚታከስ ገቢው 60,000 ነው እንበል፣ በ5,000 የገዛውን በ8,000 ሸጠ። በአስራ አንደኛው ወር ከሸጠ 3,000ዋ ላይ 22 ፐርሰንት፣ 660 ዶላር ይከፍላል። አመት ከአንድ ቀን ጠብቆ ቢሆን 15 ፐርሰንት፣ 450 ዶላር። አሁን ባልና ሚስት እንያቸው፣ አብረው ፋይል የሚያደርጉ፣ ሁለቱ ተደምሮ 110,000 የሚያገኙ። ስታንዳርድ ዲዳክሽናቸው 31,500 ነው፣ 78,500 ይቀራል፣ ሶስት ሺዋን ሲጨምሩ 81,500። ሎንግ ተርም ከሆነ የሚከፍሉት ዜሮ ነው። የምር ዜሮ፣ ምክንያቱም ለባልና ሚስት የዜሮው ጣራ 96,700 ነው። ለላጤ 48,350 ነው። ሁለት ስራ እየሰራ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ስንቱ እዚህ ውስጥ እንደሚወድቅ አስቡት፣ ይሄን ሳያውቅ በአስረኛው ወር ሸጦ የሚከፍል ሰው ብዙ ነው።

ከዲቪደንድም "ኳሊፋይድ" የሚባለው በዚሁ በሎንግ ተርም ሬት ነው የሚሄደው፣ የአሜሪካ ካምፓኒዎች አብዛኛው ዲቪደንድ እንደዛ ነው፣ ስቶኩን ከ60 ቀን በላይ ከያዛችሁት። የሴቪንግ አካውንት ወለድ ግን እንደ ደሞዝ ነው። ሌላ አንድ ነገር ደግሞ፣ ኡበር ወይም የራሱን ስራ ለሚሰራ ሰው የሚመጣው 15.3 ፐርሰንቱ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ስቶክ ትርፍ ላይ የለም።

ዜሮ ከሆነማ ሁሉንም አሁኑኑ ልሽጠው?

ቆይ። ዜሮ ታክስ ማለት ገቢ አይደለም ማለት አይደለም። ትርፉ ጠቅላላ ገቢያችሁ ላይ ይደመራል፣ እና ሌሎች ነገሮችን ይነካል። የጤና ኢንሹራንሳችሁን ከማርኬትፕሌስ፣ ኦባማኬር ከምንለው፣ በድጎማ የምትገዙ ከሆነ ገቢያችሁ ሲጨምር ድጎማው ይቀንሳል፣ አስቀድማችሁ የወሰዳችሁትን ፋይል ስታደርጉ ትመልሳላችሁ። ሜዲኬይድ ላይ ያለ ሰውም እንዲሁ ማየት አለበት። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰራተኛ የሚሰጠውን፣ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ የኢንቨስትመንት ገቢያችሁ፣ ወለድ ዲቪደንድና ትርፍ ተደምሮ፣ ከ11,950 ካለፈ ክሬዲቱ በሙሉ ይጠፋል፣ ቀስ እያለ አይደለም የሚቀንሰው፣ በአንድ ዶላር ልዩነት ነው የሚቀረው። ሶስት ልጅ ላለው ሰው ይሄ ብዙ ሺ ዶላር ነው።

ከስሬያለሁ። ኪሳራው ይጠቅመኛል?

ይጠቅማል፣ ከሸጣችሁት። መጀመሪያ ትርፍ ካላችሁ ከሱ ላይ ይቀነሳል፣ ከዛ የተረፈው ኪሳራ እስከ 3,000 ዶላር ድረስ ከደሞዛችሁ ላይ ይቀነሳል፣ ገና የሚቀር ካለ ለሚቀጥለው አመት፣ ከዛም ለሚቀጥለው እየተላለፈ እስኪያልቅ ይሄዳል። በ2022 20,000 የከሰረ ሰው አሁንም ድረስ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል፣ ግን ፋይል ያረገለትን ሰው ሲቀይር ያ የተላለፈ ኪሳራ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ያለፈውን አመት ሙሉ ሪተርን (ፋይል ያደረጋችሁትን ወረቀት) ይዛችሁ ሂዱ።

ወጥመዱ ዋሽ ሴል የሚባለው ነው። በኪሳራ ከሸጣችሁ ከ30 ቀን በፊትም ሆነ ከ30 ቀን በኋላ ያንኑ ስቶክ ከገዛችሁ ኪሳራው ለጊዜው አይቆጠርም፣ አዲስ የገዛችሁት ዋጋ ላይ ነው የሚደመረው። ዲሴምበር 20 ሸጦ "ለታክስ ነው" ብሎ ጃንዋሪ 5 መልሶ የሚገዛው ሰው የሚገባበት ይሄ ነው። በራሱ የሚገዛው የዲቪደንድ ሪኢንቨስት እንኳን ለገዛው ያህል ይቆጠራል። ሚስት በሷ አካውንት ብትገዛም ያው። ከሁሉም የሚከፋው አይአርኤ (የጡረታ አካውንት) ውስጥ መልሶ መግዛት ነው፣ እዛ ከገዛችሁት ኪሳራው ለሁሌም ጠፋ።

1099 የሚባለውን ወረቀት ባላስገባስ? 40 ዶላር እኮ ነው ያተረፍኩት።

ለእናንተ የመጣው ኮፒ ነው፣ ዋናው አይአርኤስ ጋ ደርሷል። ከባንክ ወለድ 1099-አይኤንቲ፣ ከዲቪደንድ 1099-ዲአይቪ፣ ከሸጣችሁት 1099-ቢ፣ ብዙ ጊዜ ብሮከሩ ሶስቱንም አንድ ላይ አርጎ ነው የሚልከው፣ አንዳንዴም ማርች ላይ የተስተካከለ ይልካል፣ ስለዚህ ስቶክ ያለው ሰው ለሪፈንድ ተቻኩሎ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ፋይል ባያደርግ ይሻለዋል። ባንክ ወለዱ ከ10 ዶላር በታች ከሆነ ወረቀት ላይልክ ይችላል ግን ገቢ መሆኑ አይቀርም።

ካላስገባችሁ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከአንድ ሁለት አመት በኋላ ሲፒ2000 የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ኮምፒውተሩ የሚያየው የሸጣችሁበትን ነው፣ የገዛችሁበት ዋጋ ለአይአርኤስ ካልተላከ በዜሮ እንደገዛችሁት አርጎ ያሰላዋል። 12,000 ገዝቶ 11,500 የሸጠ ሰው፣ ከስሮ ማለት ነው፣ 11,500 አተረፍክ ተብሎ ቢል ሊመጣበት ይችላል። ደብዳቤው ሲመጣ አትደንግጡ፣ ቢልም አይደለም፣ እንዲህ ነው የምናስበው ትስማማለህ ወይ የሚል ነው፣ የገዛችሁበትን ማስረጃ አያይዛችሁ በተጻፈው ቀን ውስጥ መልሱ። መሳቢያ ውስጥ መክተት ግን አይሆንም።

ክሪፕቶስ? እሱን እንኳን አያውቁትም።

1040፣ ዋናው የታክስ ፎርም፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከስማችሁ ስር ዲጂታል አሴት ሸጣችኋል ወይ ተቀብላችኋል ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ አዎ ወይም የለም ብላችሁ ፈርማችሁ ነው የምትልኩት። ለታክስ ክሪፕቶ እንደ ንብረት ነው የሚቆጠረው፣ ቢትኮይን ሸጦ ዶላር መውሰድ ብቻ ሳይሆን ቢትኮይንን በኢቴሪየም መቀየርም ሽያጭ ነው፣ ዶላርን ተከትሎ ወደሚሄደው ዩኤስዲቲ መቀየርም። ገዝቶ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ወይም ከራስ ዋሌት ወደ ራስ ዋሌት ማዘዋወር ግን አይደለም። ከ2025 ሽያጭ ጀምሮ እንደ ኮይንቤዝ ያሉት 1099-ዲኤ የሚባል ይልካሉ፣ ለዚህ ለመጀመሪያው አመት የሸጣችሁበትን እንጂ የገዛችሁበትን ለአይአርኤስ የማሳወቅ ግዴታ የለባቸውም፣ ስለዚህ ከላይ ያልኩት የዜሮ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይመጣል። የገዛችሁበትን ታሪክ ከአፑ ዛሬውኑ ዳውንሎድ አርጉ፣ አካውንቱ የተዘጋ ኤክስቼንጅ ላይ ከሆነ ከባንክ ስቴትመንት ፈልጉት።

መስሪያ ቤቴ ስቶክ ሰጥቶኛል።

አርኤስዩ (መስሪያ ቤቱ እንደ ደሞዝ የሚሰጣችሁ ስቶክ) ከሆነ እጃችሁ የገባ ቀን ደሞዝ ሆኖ ታክሷል፣ ደብሊው ቱ ላይ፣ የደሞዝ ወረቀታችሁ ላይ፣ ገብቷል። ችግሩ ስትሸጡ 1099-ቢ ላይ የመግዣ ዋጋ ዜሮ ወይም ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ እንደዛው ካስገባችሁት በአንድ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ብሮከሩ "ሰፕልመንታል" የሚል ተጨማሪ ገጽ ይሰራል፣ ትክክለኛው ዋጋ እዛ ላይ አለ፣ ታክስ ለሚሰራላችሁ ሰው እሱንም ስጡት።

ሮት አይአርኤ ይሻላል የሚሉት ለምንድነው?

ከላይ ያወራነው ሁሉ፣ ሾርት ተርም ሎንግ ተርም ዲቪደንድ ምናምን፣ አይአርኤ እና 401ኬ (በመስሪያ ቤት በኩል የሚከፈት የጡረታ አካውንት) ውስጥ የለም። ውስጡ ስትሸጡ ስትገዙ ማንም አይጠይቃችሁም። ሮት ላይ ታክስ ተከፍሎበት የቀረ ገንዘብ ነው የምታስገቡት፣ ትርፉ ከ59 አመት ተኩል በኋላ፣ አካውንቱም አምስት አመት ከሞላው፣ ያለ ታክስ ይወጣል። ያስገባችሁትን ዋናውን ደግሞ በፈለጋችሁት ጊዜ ያለ ታክስ ያለ ቅጣት ማውጣት ትችላላችሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ "ታስሮ ይቀራል" ብሎ ነው የሚፈራው። ለ2025 ጣራው 7,000 ነው፣ 50 አመት ለሞላው 8,000፣ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 ድረስ ለ2025 ብሎ ማስገባት ይቻላል። የላጤ ገቢ ከ150,000፣ የባልና ሚስት ከ236,000 ሲያልፍ መቀነስ ይጀምራል።

ግን የሰራችሁበት ገቢ መኖር አለበት፣ እዚህ ላይ ነው ሾፌሮቻችን የሚያዙት። ኡበር እየነዳችሁ 45,000 ገብቶ የነዳችሁበት ማይል ምናምን እንደ ወጪ ተቀናንሶ ኔቱ 4,000 ብላችሁ ፋይል ካደረጋችሁ ሮት ማስገባት የምትችሉት ከ4,000 ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ታክሱን ዜሮ ያረገላችሁ ያው ማይል ሮቱንም ያጠበዋል፣ የቤት ብድሩንም እንደዛው፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ስራ የሌላት ሚስት ግን ባልየው በቂ ገቢ ካለውና አብረው ፋይል ካደረጉ በስሟ መክፈት ትችላለች።

መስሪያ ቤታችሁ 401ኬ ላይ የሚጨምርላችሁ ከሆነ ከሮቱም በፊት እሱን ውሰዱ፣ ነጻ ገንዘብ ነው።

እቁብ ደርሶኝ ስቶክ ልገዛበት ነው፣ እቁቡ ላይ ታክስ አለ?

የለም፣ የራሳችሁ ገንዘብ ነው ተጠራቅሞ የመጣው፣ ገቢ አይደለም። የሚያሳስበው ባንክ ስታስገቡት ነው። ከ10,000 በላይ ካሽ ስታስገቡ ባንኩ ሪፖርት ይሞላል፣ ይሙላ፣ ምንም ችግር የለውም፣ ታክስ አያመጣም። ሪፖርቱን ለማምለጥ ተብሎ 20,000ውን ዛሬ 6,000 ነገ 7,000 እያሉ መከፋፈል ግን በራሱ ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ ንጹህ ቢሆንም። ብዙ ሰው ከጥንቃቄ የሚያረገው ነገር እሱ መሆኑ ነው የሚገርመው። የእቁቡን ዝርዝርና ማን መቼ እንደወሰደ የሚያሳየውን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ በቃ።

ወርቅስ?

ስትሸጡት ካተረፋችሁ ይታከሳል፣ የሎንግ ተርሙ ጣራ ግን 15 ወይም 20 ሳይሆን እስከ 28 ፐርሰንት ይደርሳል። ከሰርግ የተረፈ ጌጥም ቢሆን በትርፍ ከሸጣችሁት ያው ነው።

ስቴቱስ?

እንደምትኖሩበት ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ ያለን ሰዎች ላይ ስቴቱም ይወስዳል፣ አብዛኞቹ ለሎንግ ተርም የተለየ ቅናሽ የላቸውም፣ ሜሪላንድ ላይ ካውንቲው ራሱ ይጨምራል። ፌደራል ላይ ዜሮ የከፈሉት ባልና ሚስት ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆኑ ለስቴቱ ይከፍላሉ። ዳላስና ቬጋስ ያላችሁ ኢንካም ታክስ የለባችሁም፣ ሲያትልም የለም፣ እዛ ያለው የካፒታል ጌይን ታክስ ትርፋቸው በአመት ከ278,000 በላይ ለሚሄድ ሰዎች ነው የሚመለከተው።

ሀገር ቤት ባንክ ገንዘብ አለኝ። እሱም ይመለከታቸዋል?

ወደ ዋናው መጣን። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በየትም ሀገር ያገኘውን ገቢ ነው የሚያሳውቀው። ንግድ ባንክ ያለው አካውንታችሁ ወለድ ካገኘ ወለዱ 1040 ላይ ይገባል፣ ባንኩ እዛ ታክስ ቆርጦ ቢሆንም። የተቆረጠባችሁን እዚህ ከምትከፍሉት ላይ ለማስቀነስ ፎረን ታክስ ክሬዲት የሚባል አለ፣ ፎርም 1116።

ከታክሱ የተለየ ደግሞ ማሳወቅ የሚባል አለ። ከአሜሪካ ውጪ ያሉት አካውንቶቻችሁ ሁሉ ተደምረው በአመቱ ውስጥ በየትኛዋም አንድ ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባል የውጭ አካውንት ማሳወቂያ ፎርም መሙላት አለባችሁ። አንዱ አካውንት 4,000 ሌላው 7,000 ከሆነ አልፏል። ቤት ለመግዛት ዶላር ልካችሁ ለሳምንት ብቻ አካውንቱ ላይ ካደረ አልፏል። ምንም ወለድ ባያገኝም ያው ነው። ብሩ ወደ ዶላር የሚቀየረው በአመቱ መጨረሻ ቀን የአሜሪካ ግምጃ ቤት ባወጣው ሬት ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 ዓ.ም ብሩ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር 600,000 ብር ያለው ሰው ከመስመሩ በላይ ነበር፣ አሁን ያው 600,000 ብር ግማሹንም አይሞላም። ስለዚህ ዘንድሮ የማይመለከታችሁ ሰዎች በፊት ይመለከታችሁ ሊሆን ይችላል።

ትልቅ ገንዘብ ካላችሁ ሌላ ፎርም ይጨመራል፣ 8938። አሜሪካ ለሚኖር ላጤ በአመቱ መጨረሻ ከ50,000 ወይም በመሀል ከ75,000 ካለፈ፣ አብረው ፋይል ለሚያደርጉ ባልና ሚስት እጥፉ። የሀገር ቤት ባንክ አክሲዮን፣ ሰርተፍኬቱ እጃችሁ ያለ፣ ኤፍባር ላይ አይገባም፣ 8938 ላይ ግን ይቆጠራል። በስማችሁ ያለው ቤት ሁለቱም ላይ አይገባም፣ ኪራዩ ግን ገቢ ነው።

የባንክ አክሲዮኑ ዲቪደንድ ለካፒታል ማሳደጊያ ዋለ፣ ምንም አልደረሰኝም።

በካሽ መውሰድ ትችሉ ከነበረና አክሲዮን ግዙልኝ ያላችሁ ከሆነ ገቢ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ስለ ሪኢንቨስት ያልኩት ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላቸው ደግሞ ይሄ ዲቪደንድ ኳሊፋይድ አይባልም፣ እንደ ደሞዝ ነው የሚታከሰው።

አካውንቱ ከእናቴ ጋር የጋራ ነው፣ ገንዘቡ የሷ ነው።

ስማችሁ አለበት፣ ስለዚህ ይቆጠራል፣ ግማሹ ሳይሆን ሙሉው። የናንተ ባይሆንም ፈርማችሁ ማንቀሳቀስ የምትችሉት አካውንት ራሱ ይቆጠራል። በተቃራኒው አካውንቱ በናንተ ስም ሆኖ በውክልና ወንድማችሁ የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ ያው የናንተ ነው። ታክስ ግን ሌላ ነው፣ ወለዱ የማን እንደሆነ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ያያል። ኤፍባር ላይ መጻፍ ማለት በእናቴ ገንዘብ ላይ ታክስ እከፍላለሁ ማለት አይደለም፣ ይሄ ነው ሰው ላይ ፍርሀት የሚፈጥረው።

አዲስ አበባ የገዛሁትን ቤት ሸጥኩ፣ በብር ብዙ አተረፍኩ።

አይአርኤስ ብር አያውቅም። የገዛችሁበት በገዛችሁበት ቀን የዶላር ሬት፣ የሸጣችሁበት በሸጣችሁበት ቀን ሬት ነው የሚቀየረው። እንበል ዶላር 50 ብር እያለ በ5 ሚሊዮን ገዛችሁ፣ 100,000 ዶላር ማለት ነው። 150 ሲገባ 12 ሚሊዮን ሸጣችሁ፣ 80,000 ዶላር። በብር 7 ሚሊዮን አትርፋችኋል፣ ሰፈሩም እንኳን ደስ ያላችሁ ብሏል፣ በአሜሪካ ሂሳብ ግን 20,000 ዶላር ከስራችኋል። እዛ በብሩ ትርፍ ላይ ታክስ ትከፍላላችሁ፣ እዚህ ትርፍ ስለሌለ የከፈላችሁት የሚቀነስበት ነገር የለም። ያማል ግን እንደዛ ነው። ቤቱ ሲከራይ የነበረ ከሆነ ኪሳራው ቢያንስ ይቆጠርላችኋል፣ ሲከራይ የነበረ ቤት ላይ ግን በየአመቱ መቀነስ የነበረበት ዲፕሪሲዬሽን (ለቤቱ እርጅና የሚቀነስ) አለ፣ ያንን ብትቀንሱም ባትቀንሱም የመግዣ ዋጋውን ያወርደዋል፣ ስለዚህ ኪሳራው ሊያንስ አንዳንዴም ትርፍ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ሲኖርበት ወይም ለክረምት ስትሄዱ ስታርፉበት የነበረ ከሆነ ግን የግል ነው፣ የግል ቤት ኪሳራ አይቆጠርም።

ይሄ ሁሉ የሚሰራው በብሩ የተጻፈ ውልና የዛን ቀን ሬት ካላችሁ ነው። የሽያጭ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋና በእጅ የተከፈለው የተለያየ ከሆነ እዚህ ማስረዳት የምትችሉት የተጻፈውን ነው።

እስካሁን አላሳወቅኩም። አሁን ብጀምር አይነቁብኝም?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ድምጹ ይቀንሳል። ባለማወቅ ከሆነ መንገድ አለ። ገቢ የሌለው ወይም ገቢው ተጽፎ ኤፍባሩ ብቻ የተረሳ ከሆነ፣ አይአርኤስም ገና ካልጠየቃችሁ፣ የዘገዩትን ምክንያት ጽፎ ማስገባት ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ያለ ቅጣት ያልፋል። ወለድ ወይም ኪራይ ሳይጻፍ ከቀረ ስትሪምላይንድ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የሶስት አመት ሪተርን ይስተካከላል፣ የስድስት አመት ኤፍባር ይሞላል፣ አሜሪካ ለሚኖር ሰው ካልተገለጸው ንብረት ትልቁ መጠን ላይ 5 ፐርሰንት ይከፈላል። ባለማወቅ ለሚሆን ጥፋት የሚቀጣው በአመት አንድ ሪፖርት ነው እንጂ በአካውንት ቁጥር አይደለም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ቢትነር በሚባለው ጉዳይ ወስኗል። እያወቁ መደበቅ ግን ሌላ ነው፣ ቅጣቱ የአካውንቱን ግማሽ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ በተለይ ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ጠበቃ ወይም በደንብ የሚያውቅ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) ጋር ሂዱ፣ ብር አትቆጥቡበት።

ኤፍ-1 ተማሪ ነኝ።

ለናንተ ህጉ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ካላንደር አመት በአብዛኛው ለታክስ ነንረዚደንት (ነዋሪ ያልሆነ) ናችሁ፣ 1040-ኤንአር ነው የምትሞሉት፣ ብሮከሩን ስትከፍቱ የውጭ ሰው የሚሞላውን ደብሊው-8ቤን እንጂ ለዜጋና ለነዋሪ የሆነውን ደብሊው-9 አትፈርሙም፣ ከአሜሪካ ዲቪደንድ 30 ፐርሰንት ይቆረጣል። በስህተት በተራ ቱርቦታክስ ፋይል ያደረገ ተማሪ ብዙ አለ፣ ግሪን ካርድ ጊዜ ላይ እንዳይጠየቅ አሁኑኑ ያስተካክል።

ታክስ የሚሰራልኝ ሰው ስለ ሀገር ቤት አካውንት ጠይቆኝ አያውቅም።

ከ1040 ጋር በሚያያዘው ስኬጁል ቢ ላይ "በውጭ ሀገር አካውንት አለህ ወይ" የሚል ጥያቄ አለ፣ ካልጠየቃችሁ ማን ምን ብሎ እንደመለሰላችሁ ያለፈውን አመት ሪተርን አውጥታችሁ እዩት። የለም ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። ሰውየው ራሱ እንደ አዘጋጅ ፈርሞ ፒቲን የሚባለውን የአዘጋጅ መለያ ቁጥሩን ካላሰፈረ፣ ወይም ክፍያውን ከሪፈንዱ ፐርሰንት ካለ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ። እና ኤፍባር ከታክስ ሪተርኑ ጋር አብሮ አይሄድም፣ ቱርቦታክስም አይልከውም፣ ፊንሰን የሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ ለብቻው በነጻ ነው የሚሞላው፣ የባንኩን ስም፣ የአካውንት ቁጥሩንና በአመቱ የደረሰበትን ከፍተኛ መጠን ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፣ ካመለጣችሁ ሳትጠይቁ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል።